አለቃና ተለማማጅ በአንድ የፈተና ደጃፍ

እጅግ የምወድሽ እኅቴ ፔርሲዳ፤

ከታላቅ ወንድምሽ ከሳቢን ወደ አንቺ የሚሻገር ሰላምታ ተራራውንና ድንበሩን ሁሉ አልፎ፣ በመንገድ ሳይቀዘቅዝ ይድረስሽ። ለመሆኑ ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽን ጨምድዶ የሚይዝሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይ? የምትጦሪያቸው ሲኞራ ኤልቪራስ እንዴት ናቸው? ዛሬም ሾርባው ጨው አነሰው እያሉ ያስቸግሩሻል ወይስ አደብ ገዙ? በጣሊያን፣ በፓዶቫ ሙቀቱ ሰው መውጫ መግቢያ እንዳሳጣ በቴሌቪዥን ሰምተን፣ እኔና ኢኮኒያ ስናስብሽ ሰነበትን። እኛ ግን፣ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና፣ ደኅና ነን። የእኔ ጉልበት ደረጃ በወጣሁ ቁጥር ይንቋቋል እንጂ፣ እሑድ እሑድ በቅዳሴ ላይ ስዘምር ድምፄ ገና አልከዳኝም። ባለቤቴ ኢኮኒያ የዘንድሮውን አፕሪኮት ማርማላታ ልታደርግ ምድጃው ሥር ቆማለች፤ እኔንም ከወጥ ቤት አባርራኛለችና ይህን የምጽፈው በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ሳያስቅሽ አይቀርም። ልጅሽ ኦቲሊያም «አጎቴ፣ ፊቷን እያዩ በቪዲዮ መንገር ሲቻል!» ብላ ስቃብኛለች። ነገር ግን ከባድ ጉዳይ በስልክ አይነገርም፤ መስመሩ ይቆራረጣል፤ መስመሩ ሲጸና ደግሞ አንቺ ታለቅሺና ነገሩ መካከል ላይ ይቀራል። በፋሲካ ሰሞን «ወንድም ጋሼ፣ ልጅቱ ትምህርቷን ሳትጨርስ ሥራ ልትገባብኝ ነው። አባቷ በሕይወት ቢኖር እሱ ይናገራት ነበር፤ አሁን አንተ አባቷ ነህ፤ አደራ» ብለሽኝ ነበር። የሰው አዛውንት እያጠብሽና እያጎረስሽ እዚያ የቆየሽው ለዚህ ትምህርት ሲባል መሆኑን አልዘነጋሁም። ስለዚህ የአደራውን ነገር ከመነሻው ጀምሬ፣ ምንም ሳልዘል እተርክልሻለሁ።

እንደምታውቂው ኦቲሊያ በፖሊቴክኒኩ ሦስተኛ ዓመት ከደረሰች ጀምሮ ግማሽ ቀን ለሥራ ልምምድ የምትሄድበት ድርጅት የትራም ፍሬን የሚያዝዘውን ኤሌክትሮኒክስ የሚሠራው ነው። ይኸው ድርጅት ዘንድሮ የሙሉ ቀን ቦታ አዘጋጀላት። ክፍሎቿን ሁሉ አልፋ፣ የቀራት የመመረቂያ ጽሑፏን ጨርሶ በፈታኞች ፊት መቆም ብቻ ነበር። እርሷ ግን ጽሑፉን መሳቢያ ውስጥ ጥላ ተወችው። ጠርቼ ብጠይቃት፣ ቦርሳዋን ከትከሻዋ እንኳ ሳታወርድ «አጎቴ፣ እዚያ ማንም ዲፕሎማ አምጪ አይለኝም፤ ሥራሽን አሳዪን ነው የሚሉኝ። ከእኔ በፊት ከነበሩት ስንቱ እንደዚሁ ትቶ ገብቷል። አለቃዬ ራሱ አልጨረሰም!» አለችኝ። ይህችን የመጨረሻዋን ቃል እንደ ድል አድራጊ ነበር የተናገረቻት።

«አለቃሽ ሱሪውን ሳይለብስ አደባባይ ቢወጣ፣ አንቺም ቀሚስሽን ትጥያለሽ?» አልኋት።

ኢኮኒያ ከወጥ ቤት «ኧረ ሳቢን! እግዜርን ፍራ እንጂ!» ብላ ጮኸችብኝ። ኦቲሊያ ከትከት ብላ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም።

የእኔን ጠባይ ታውቂዋለሽ። ዘመኔን ሁሉ ላቲን ሳስተምር፣ ግሡ ላይ ሳይደርስ ዓረፍተ ነገሩን ያቆመ ተማሪ በፊቴ ተቀምጦ አያውቅም፤ እስኪጨርስ ቆሞ ይጠብቃል። የተጀመረ ነገር ይፈጸማል፤ እኛን ያሳደጉን በዚህ ነው። እንግዲህ ልጅቱን ትቼ ወደ ምንጩ ልሂድ ብዬ፣ በማግሥቱ ለቀብርና ለሠርግ የምለብሰውን ጥቁር ልብሴን ለበስሁ። ኢኮኒያ አንድ ጠርሙስ የፕለም አረቄ በጋዜጣ ጠቅልላ «ወደ አለቃ ባዶ እጅ አይኬድም፤ ያዝ!» ብላ በር ላይ ጠበቀችኝ። «የምሄደው ልለምን አይደለም፣ ልገሥጽ ነው» ብያት አረቄውን ጠረጴዛው ላይ ትቼው ወጣሁ።

ድርጅቱ ያለው ከቦዩ ማዶ፣ ሴቶቻችን ባርኔጣ ይሰፉበት በነበረው በአሮጌው ፋብሪካ ውስጥ ነው። ተቆጥቼ ገባሁ፤ ነገር ግን ከገባሁ በኋላ ቁጣዬን የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁ። ፔርሲዳ፣ እንደዚያ ያለ ጸጥታ ከቤተ መቅደስ ውጭ ሰምቼ አላውቅም። በአዳራሹ መካከል እንደ ባቡር ጎማ ያለ ከባድ ብረት በአየር ላይ ይሽከረከራል። ከሥሩ ሐዲድ የለም፤ ከላዩም ባቡር የለም። ከጸሎት መጽሐፍ የማይበልጥ አንድ ሣጥን ያዝዘዋል፤ ያዝ ሲለው ይይዛል፣ ልቀቅ ሲለው ይለቃል። ያንኑ ሣጥን ከማቀዝቀዣ አውጥተው፣ አመዳይ እንደ ለበሰ፣ እንደገና ይሞክሩታል። ቀጥለውም ያሞቁታል፣ ያንቀጠቅጡታል፣ ውኃ ያርከፈክፉበታል። ልጆቹ ዙሪያውን ቆመው እንደ ሐኪም ያዳምጡታል። እኔ ወደ ገበያ የምሄድበት ትራም በሹፌሩ እግር ብቻ የሚቆም ይመስለኝ ነበር። ለካስ ዝናብ ሐዲዱን ሲያርሰውና የረገፈ ቅጠል ሲያንሸራትተው፣ ሕይወቴን የሚይዙልኝ እነዚህ ልጆች ኖረዋል! ባርኔጣዬን ሳላስበው አወለቅሁ።

በዚያ ስደነቅ አንድ ጢማም ሰው ከወንበሩ ብድግ ብሎ በላቲን ሰላምታ ሰጠኝ። ዮዋኪም ነው፣ ከተራራው ማዶ እየመጣ እኔ ዘንድ ይማር የነበረው። «መምህር፣ ያኔ ‹ከአንተ ይልቅ ሰሌዳው ያዳምጠኛል› ይሉኝ ነበር!» አለኝ። «ዛሬም ሰሌዳውን እመርጣለሁ» አልሁት። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ከዚያ አንዷ ከወዲያ ጥግ፣ ሌላው ከወዲህ እየተነሡ ሰላም አሉኝ። የባቡር ሠራተኞች ልጆች፣ የሰርብና የሀንጋሪ ጎረቤቶቻችን ልጆች፣ ከየመንደሩ ወደ ትምህርት ቤታችን፣ ከእኛም ወደ ፖሊቴክኒኩ፣ ከፖሊቴክኒኩም ወደዚህ አዳራሽ ፈስሰው የመጡ ናቸው። አንዳቸውም ከሌላ አገር በውድ ዋጋ የተጠሩ አይደሉም። እኔ ተማሪዎቼን በር ላይ ስሸኛቸው ወዴት እንደሚሄዱ አላየሁም ነበር፤ እነሆ አየሁ።

የኦቲሊያ አለቃ ኢንጂነር ብለው የሚጠሩት ካሊን ቡጋሪው ነው። ሽበት ጀማምሮታል፤ ትሑትና ፈጣን ሰው ነው። ሳልቀመጥ «እናንተ ፍሬውን ሳይበስል ትለቅማላችሁ» አልሁት። እርሱም «መምህር፣ እኛ ያለ ፖሊቴክኒኩ አንድ ዓመት አንቆምም። በየበጋው ዓይናችን እዚያ በር ላይ ነው፤ ማን ወጣ፣ ማን ቀረ እያልን። መሣሪያ እንሰጣቸዋለን፤ እኔም ሐሙስ ሐሙስ ሄጄ ለተማሪዎቹ የመሣሪያውን አያያዝ አሳያለሁ። ልጅቱንም ቦታ አለ አልኋት እንጂ ትምህርትሽን ተዪ አላልኋትም» አለኝ።

«ለወጣት ልጅ ሁለቱ አንድ ነው። አንተስ ለምን አልጨረስህም?»

«ሥራ መጣ፤ ነገ እጨርሳለሁ፣ ነገ እጨርሳለሁ ስል ዓመታት ሄዱ።»

«ሐሙስ ሐሙስ ያንን ደረጃ ስትወጣ አታፍርም?»

ፊቱ ቀላ። «እንዴት አላፍርም! ፕሮፌሰር ስቶያን የመመረቂያ ጽሑፌን ሊያዩልኝ የተመደቡ መምህሬ ነበሩ። በኮሪደሩ ሲመጡ ካየኋቸው መጸዳጃ ቤት እገባለሁ» አለኝ። መሳቄ እውነት ነው፤ ግን ወዲያው ፊቴን ሰበሰብሁና «እንግዲያውስ አንተ ያልተሻገርኸውን ደጃፍ እርሷ እንድትሻገር መምከር አትችልም። ወይ አብረሃት ትሻገራለህ፣ ወይ እኔ ከዚህ ወንበር አልነሣም» ብዬ ተቀመጥሁ። የቀለድሁ መሰለው። ጸሐፊዋ ሻይ አመጣችልኝ፤ ጠጣሁ። ምሳ ሰዓት ደረሰ፤ አልተነሣሁም። እርሱ ስብሰባ ገብቶ ሲመለስ እኔ እዚያው ነኝ። በሩ ላይ ቆሞ አየኝና «እሺ መምህር» አለ። «እመዘገባለሁ። አሁን እባክዎ ይሂዱ፤ ሠራተኞቼ አባቴ መጥተው የሚቆጡኝ መስሏቸዋል።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ኦቲሊያ እያማረረች ትነግረን ነበር። «ምን አደረጉብኝ አጎቴ! በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ‹ስንተኛው ምዕራፍ ደረስሽ?› ይለኛል» ትላለች። እርሷም አላረፈችለትም፤ «አንተስ?» ትለዋለች። ድርጅቱ ለሁለቱም ለጽሑፋቸው የሚሆን የሥራ ሰዓት ሰጣቸው። የሥራ ባልደረቦቻቸው ደግሞ አለቃው ይወድቃል፣ ተለማማጇ ትወድቃለች እያሉ በቢራ ተወራረዱ። ዮዋኪም አለቃው ይወድቃል ብሎ መወራረዱን ሰምቼ በልቤ አመሰገንሁት፤ ያ ልጅ ሰው ማወቅ ጀምሯል።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ከሰዓቱ ቀድሜ ሄጄ በፖሊቴክኒኩ ኮሪደር ስመላለስ፣ በግድግዳው ላይ የየዓመቱ ተመራቂዎች ፎቶግራፍ በትልልቅ መስታወት ውስጥ ተሰቅሎ አየሁ። እያንዳንዱን ዓመት አንድ በአንድ ማየት ጀመርሁ። ያቺ በማቀዝቀዣው በኩል የነበረችው ሴት እዚህ ጠጉሯን ተጎንጉና ትስቃለች። ያ ጎማውን ያዳምጥ የነበረው እዚህ ገና ጢም አላበቀለም። እየተራመድሁ፣ የአዳራሹን ሰዎች ሁሉ በግድግዳው ላይ አገኘኋቸው። ፔርሲዳ፣ ቆሜ ቀረሁ። ከቦዩ ማዶ ያለው ድርጅት ለካስ ሌላ ቤት አይደለም፤ የዚሁ ኮሪደር ጫፍ ነው። አንድ ከተማ ልጆቹን እንዲህ በሥርዓት አስተምሮ፣ እንደገና ለራሱ መንገድ ጠባቂ አድርጎ ሲያቆማቸው ማየት፣ ለእኔ በሥጋ ዓይን የማይታይ ነገር እንደ ማየት ነበር። ነገር ግን በአንዳንዱ ዓመት ፎቶግራፍ መካከል ክፍት ቦታዎች አሉ፤ ሳይጨርሱ የሄዱት ናቸው። ከእነዚያ ባዶ ቦታዎች አንዱ የካሊን ነው። አንዱ የልጅሽ እንዳይሆን ብዬ በልቤ ጸለይሁ።

ለዘመድም ክፍት ወደ ሆነው የፈተናው ክፍል ስገባ ግን ደሜ ፈላ። ያንን የቆየ ልማዳችንን ታውቂዋለሽ፤ ተፈታኞቹ አዋጥተው ለፈታኞች ገበታ ዘርግተዋል። ቶርታ፣ ብስኩት፣ የታሸገ ውኃ፣ ቡና፣ አበባ ሳይቀር። ትልቁን ቶርታ ያመጣው ካሊን ነው፤ በዕድሜ ታላቃቸው ስለሆነ ብዙውን እንዲያዋጣ ፈርደውበታል። እኔ አንድ ቃል ሳልናገር ቶርታውን ብድግ አደረግሁና ወደ በሩ ሄድሁ። ልጆቹ ተደናገጡ። አንዱ «ሰውዬው ማን ናቸው?» ሲል፣ ሌላዋ «የኦቲሊያ አጎት!» አለች፤ ሦስተኛው «ወይ ኦቲሊያ፣ አለቀልሽ!» አለ። ኦቲሊያ እንደ ኖራ ነጥታ «አጎቴ፣ ገደሉኝ እኮ!» አለችኝ። ቶርታውን እንደ ታቦት በሁለት እጄ ይዤ ስወጣ፣ በሩ ላይ ፕሮፌሰር ስቶያን ተገተሩ።

«ወዴት ነው?» አሉኝ።

«ወደ ኮሪደሩ። ፈራጅ ሳይፈርድ በፊት ከሚዳኘው ሰው እጅ አይበላም።»

ወደ ገበታው አሻግረው አዩና «ቡናውን እንኳ ቢተዉልኝ፤ ጠዋት አልጠጣሁም» አሉ።

«ቡናውም ይወጣል» አልሁ።

አልፈውኝ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። እኔም የቀረውን ሁሉ አውጥቼ በኮሪደሩ መስኮት ደፍ ላይ ደረደርሁት። ትክክል የሆነ ነገር አድርጌ እንደዚያ ቀን የፈራሁበት ጊዜ የለም። የእኔን ጽድቅ ዕዳ ልጅሽ ብትከፍለውስ እያልሁ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጥፍሮቼን እቆረጣጥም ነበር።

ኦቲሊያ ተጠራች። መጀመሪያ ቃላቷን ታጣድፍ ነበር፤ ሥዕሎቿን ማሳየት ስትጀምር ግን ረጋች። ጎማው መንሸራተቱን ጠቋሚ የሚሉት መሣሪያ እንዴት እንደሚያይ፣ ሣጥኑ ፍሬኑን እንዴት ለአፍታ ለቆ እንደገና እንደሚይዝ አስረዳች። እኔ እንኳ ገባኝ። ፕሮፌሰር ስቶያን መነጽራቸውን አውልቀው «ጠቋሚው ራሱ ቢዋሽስ? ጎማው እየተንሸራተተ፣ እየተንከባለለ ነው ብሎ ቢነግርሽ?» ብለው ጠየቋት። አፏን ከፈተች፤ ዘጋችው። ያወቀች መስላ ቃላት ልትደረድር እንደምትችል ዓይኗ ላይ አየሁ፤ ልጆች እንዴት እንደሚደረድሩ ዘመኔን ሁሉ አይቻለሁና። ከዚያ ቀና ብላ «አላውቅም። ይህን አልሞከርሁም» አለች። ፕሮፌሰሩ አንገታቸውን ደፍተው ጻፉ።

ቀጥሎ ካሊን ተነሣ። ክራቫቱን እንደ ሙሽራ አሥሯል። ፕሮፌሰር ስቶያን ከላይ እስከ ታች አዩትና «ቡጋሪው! ምነው ዛሬ፣ መጸዳጃ ቤቱ ተዘጋ እንዴ?» አሉት። ለካስ ሁሉን ያውቁ ኖሯል! ሳቁ ጋብ ሲል ያንኑ ጥያቄ ለእርሱም ደገሙለት። ካሊን በእርግጠኝነት «እኛ ሁለት ጠቋሚ እናደርጋለን፤ አንዱ ሲዋሽ ሁለተኛው ያጋልጠዋል» አለ። «ሁለቱም አንድ ዓይነት ውሸት ቢዋሹስ?» ካሊን ወደ ኋላ ዞሮ ኦቲሊያን አያት፤ እንደገና ወደ ፕሮፌሰሩ ተመለሰ። «ሹፌሩ የሚይዘው ሌላ ፍሬን ስላለ ሰው አይጎዳም። ነገር ግን የእኛ ሣጥን ያን ጊዜ ምን እንደሚያደርግ... እኔም አላውቅም። ይህን ያህል ዓመት ስሠራ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም» አለ። ፕሮፌሰሩም መነጽራቸውን እየለበሱ «እናንተ ቶሎ ማስረከብ አለባችሁ፤ ለመጠየቅ ጊዜ ያለው እዚህ ነው» አሉት።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ ሙሉ በሙሉ የተገለጠልኝ። እኔ ድርጅቱ ከትምህርት ቤቱ የሚወስድ ብቻ መስሎኝ ተቆጥቼ ነበር፤ ኦቲሊያም ትምህርት ቤቱ ከእንግዲህ የሚሰጣት ነገር ያለቀ መስሏት ነበር። ሁለታችንም ተሳስተን ነበር። በዚያ አዳራሽ የሚሽከረከረው ጎማ ከዚህች ጠባብ ክፍል በሚሄድ ጥያቄ ነው የሚያድገው። ሰው ብቻ አይደለም በዚያ መንገድ የሚሄደው። ፈጣሪ ለዚህ ትውልድ ምን ዓይነት ሥራ እንደ ሰጠው ሳስብ፣ በዚያች የእንጨት ወንበር ላይ ራሴን ዝቅ አደረግሁ።

ፈታኞቹ ተመካክረው ወጡ፤ ውጤቱንም አነበቡ። ኦቲሊያ ከዐሥር ዘጠኝ፣ ካሊን ስምንት አገኙ። «ጥያቄው አንድ ነበር፤ እሷ ግን ቶሎ እውነቱን ተናገረች፣ አንተ መጀመሪያ ልትሸጥልን ሞከርህ» አሉት ፕሮፌሰሩ። ካሊን «እንግዲህ ከተለማማጄ በታች ሆኜ ልኑር!» ብሎ ኦቲሊያን አቀፋት፤ ሁለቱም ሲያለቅሱ አየሁ። ፕሮፌሰር ስቶያን ወደ መስኮቱ ደፍ መጥተው «መምህር፣ አሁንስ ተፈቅዷል?» አሉኝ። ትልቁን ቁራሽ ራሴ ቆርጬ ሰጠኋቸው። ቡናው ግን ቀዝቅዞ ነበር፤ እንደዚያው ጠጡት።

ኦቲሊያ ከመስከረም ጀምራ ቀን እዚያ አዳራሽ ትሠራለች፤ ከሥራ በኋላ ደግሞ በፖሊቴክኒኩ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትቀጥላለች። የምታጠናው ያንኑ የሚዋሹትን ጠቋሚዎች ነገር ነው። የቤቱን ወጪ ከእንግዲህ እኔ እችላለሁ ብላለች፤ ይህን ንገሩልኝ ስላለችኝ ነገርሁሽ። በአንቺ የምኰራው ግን ስለ ዘጠኙ አይደለም። መልሱን ባላወቀች ጊዜ፣ ሁሉ ነገር ሊበላሽባት በሚችልበት ቦታ ቆማ፣ አላውቅም አለች። ይህን ፖሊቴክኒኩ አላስተማራትም፤ እኔም አላስተማርኋትም፤ ካንቺ ይዛው የሄደችው ነው።

አሁን የቀረው አንድ ነገር ነው። ዋናው ዲፕሎማ የሚደርሰው ቅጠል በሚረግፍበት ወራት ሲሆን፣ ባለቤቱ ራሱ ፈርሞ ይወስደዋል። ኦቲሊያ «እናቴ አጠገቤ ሳትቆም አልፈርምም፤ እስከዚያ እዚያው ይቀመጥ» ብላለች። ወረቀት በሰዓቱ ካልተወሰደ እንቅልፍ የሚያጣው እኔ፣ ልገሥጻት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ስለዚህ ለሲኞራ ኤልቪራ ልጆች ከአሁኑ ንገሪያቸው። የሚተካሽ ደግ ሰው ሳይገኝ እኒያን ሴት ጥለሽ ነዪ አልልሽም፤ ያ ግፍ ነው። ነገር ግን ዛሬውኑ መፈለግ ጀምሪ።

ለሲኞራ ኤልቪራ በእኔ ስም እጅ ንሺልኝ፤ ሾርባው ጨው ቢያንሰው ለጤናቸው ነው በያቸው። ለልጃቸው ለዶናቴላ፣ እሑድ አብራሽ ቤተ ክርስቲያን ለምትስመው ለሮዲካም ሰላምታዬን አድርሺ። ኢኮኒያ ሳመችሽ፤ የማርማላታውን ግማሽ ለአንቺ አስቀምጣለሁ ብላለች። ጎረቤታችን ኢሎንካ ናፍቃሻለች። ካሊን ቡጋሪውም «የዚያችን ልጅ እናት እጅ እስማለሁ» ብሎ አደራ ብሎኛል። ኦቲሊያን ግን ሰላምታሽን ልጻፍልሽ ብላት፣ «አይጻፉ፤ እኔ ባቡር ጣቢያ ላይ ነው የምሰጣት» አለችኝ።

ወንድምሽ ሳቢን
ቲሚሽዋራ፣ ጁላይ 14 ቀን 2018